በአጎቴ በር ላይ ያለቀው ቤንዚን

ቤንዚን መሬት ላይ ሲፈስ ማየት አልወድም። ባለፈው ሳምንት ዲላ ላይ አንዱ ጎረምሳ ከመንገድ ዳር በውሃ ፕላስቲክ የገዛውን ቤንዚን ወደ ሞተሩ ሲገለብጥ እጁ አዳለጠውና ግማሹ አስፋልቱ ላይ ፈሰሰ። ከማደያው የተነሳው የሞተረኛ ሰልፍ ተጠምዝዞ መታጠፊያው ድረስ ደርሷል፤ በዚህ ጊዜ ጠብታዋም ዋጋ አላት። ሰልፈኛው ከንፈሩን መጠጠለት። እኔ ግን ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «ዓይንህን ገልጠህ አትቀዳም?» ብዬ ጮህኩበት። ልጁ ቀና ብሎ አየኝና «አባቴ፣ የእርስዎ ነው እንዴ?» አለኝ። እውነቱን ነው፣ የእኔ አልነበረም። ከዘራዬን ይዤ መንገዴን ቀጠልኩ።

ሽታው ግን አልለቀቀኝም። ሚኒባስ ውስጥ ገብቼም፣ ሰፈሬ ኮንጋ ደርሼ እጄን ታጥቤ ምሳ ቀርቦልኝም አፍንጫዬ ላይ ነበር። ሚስቴ ፊቴን አይታ «ማን አስቀየመህ ደግሞ?» አለችኝ። «ማንም» አልኳት። ያስቀየመኝ ሰው ከተቀበረ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ዋሸሁ ማለት አይቻልም። እስከ ዛሬ ስናገር የኖርኩት ነገር ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ ውሸት የለበትም። ችግሩም እሱ ነው።

ያኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነበር። በኮንጋ ሞተር የሚነዳ ሰው በጣት የሚቆጠር ስለነበር ራሴን እንደ ትልቅ ሰው እቆጥር ነበር። ሞተሩ ግን የእኔ አልነበረም። አባቴ ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የገዛው፣ መቀመጫው የተቀደደ፣ ቀይ ቀለሙ ከጭቃው የማይለይ አሮጌ ነበር። ምን ያህል ነዳጅ እንደቀረ የሚያሳይ ነገር አልነበረውም። ታንከሩን ከፍተህ በዓይንህ ታያለህ፣ ወይም ነቅነቅ አድርገህ ድምፁን ትሰማለህ። ቤንዚኑ ሊያልቅ ሲል ሞተሩ ያስላል፤ ያኔ ከታንከሩ ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ወደ ሪዘርቭ ታዞራታለህ፤ የተረፈችው ትንሽ ታስኬድሃለች። ከዚያ በኋላ ሌላ የምታዞረው ነገር የለም።

አባቴ ጅግሶ ይባላል። ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። በዚያ ዓመት ግን ሰፈሩን ሁሉ ሰብስቦ የገበሬ ማኅበር አቋቋመ፤ እነሱም ሊቀመንበር አደረጉት። ማኅበሩ በናፍታ የሚሠራ አንድ የቡና መፈልፈያ ማሽን አገኘ። ከዚያ በፊት ሰው ሁሉ እሸት ቡናውን፣ ማለትም ከዛፉ የተለቀመውን ቀዩን ቡና፣ ለአንድ ሰው ነበር የሚያስረክበው። ያ ሰው መንገድ ዳር የራሱ ማጠቢያ ጣቢያ ያለው ወራሶ ነው። ወራሶ አጎቴ ነው፤ የአባቴ ታናሽ ወንድም፣ የአንድ እናት ልጅ።

ጠባቸው ስለ ምን ነበር ብትሉኝ፣ አያታችን ሲሞት የመንገድ ዳሩ መሬት ለወራሶ ደረሰው፣ ለአባቴ ዳገቱ። እሱን እንኳ አባቴ ውጦት ነበር። እኔ ነኝ ያልዋጥኩት። በአያታችን ለቅሶ ድንኳን ውስጥ የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ ሆኜ ለለቅሶኛው ቆጮ ሳዞር ወራሶ ከሰዎች መሀል ተቀምጦ፣ «ጅግሶ ሰው ሲሠራ ቆሞ የሚያይ ነው፤ ይሄም ልጁ ቁርጥ እሱን ነው» አለ። ሰዎቹ ሳቁ። አባቴ ከድንኳኑ ውጭ እንጨት እየፈለጠ ነበር። ትሪውን አስቀምጬ ወጣሁ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወራሶን ዓይኑን ማየት ጠላሁ። ጥላቻ ሲጀምር እንዲህ በትንሽ ነገር ነው፤ ከዚያ በኋላ ግን ሰውዬው ቢያስልም ያናድድሃል፣ ቢጸልይም ያናድድሃል።

ማኅበሩ ሲቋቋም ሽማግሌዎች ሶንጎ ተቀመጡ። ሶንጎ በእኛ በጌዴኦዎች ዘንድ ሽማግሌዎች ከዛፍ ሥር ሆነው ነገር የሚያዩበት፣ የሚፈርዱበትም ሸንጎ ነው። ፍርሃታቸው አንድ ነበር፤ ሰው ቀን ለማኅበሩ አስረክቦ ሲመሽ ተደብቆ ለወራሶ ቢሸጥስ? ስለዚህ የቡናው ወቅት እስኪያልፍ ድረስ ከአባላቱ ማንም የወራሶን ግቢ እንዳይረግጥ መሐላ ይሁን ተባለ። አማኞቹ መሐላ የሚለውን ሲሰሙ ተንጫጩ፤ የጌታ ልጆች አይምሉም አሉ። ግማሹ ሰፈር ጴንጤ ስለሆነ ነገሩ ሊበተን ነበር። በመጨረሻ «እሺ፣ መሐላ አይባል፣ ቃል ይባል» ተብሎ ተስማሙ። አንድ በአንድ እየተነሳን «እግሬ የወራሶን ግቢ አይረግጥም» አልን። መጀመሪያ የተነሳው አባቴ ነበር፤ ስለ ገዛ ወንድሙ ነውና ድምፁ አልወጣለትም። እኔ ግን ተራዬ ሲደርስ ከሁሉም አስበልጬ ጮክ ብዬ ተናገርኩ። ደስ ብሎኝ ነበር።

ሥራ በጀመርን በሦስተኛው ሳምንት፣ ኅዳር ላይ፣ ቡናው በአንድ ቀን ግልብጥ ብሎ መጣ። ሴቱም ወንዱም ጆንያ ተሸክሞ ሲያራግፍ ውሎ ማሽኑ ገና ግማሹን ሳይፈለፍል ናፍታ አለቀ። ይርጋጨፌ ማደያው ከደረቀ ሰንብቷል። የተረፈው ቡና ተከምሮ አደረ።

እሸት ቡና ካደረ ይሞቃል። እጅህን ክምሩ ውስጥ ስትከተው እንደ ትኩሳታም ግንባር ይፋጃል። ከዚያ መቡካት ይጀምራል፣ ይኮመጥጣል፣ ከዚያ ወዲያ ታጠበ አልታጠበ ዋጋ የለውም፤ ጀንፈል ሆኖ ከነቆዳው ይደርቅና በርካሽ ይጣላል። የመጀመሪያ ዓመታችን ነው። ሰዉ ወራሶን ትቶ የመጣው በአባቴ አፍ ተማምኖ ነው። ያ ክምር ከተበላሸ ማኅበርተኛው በማግስቱ ቡናውን ተሸክሞ የት እንደሚሄድ ማንም ያውቀዋል። አባቴ ገና ሳይነጋ ቀሰቀሰኝና ባዶ ጄሪካን ሞተሩ ላይ በገመድ አሰረልኝ።

«ዲላ ድረስ ሂድ» አለኝ። «እስከ ስድስት ሰዓት ካደረስክልን ይተርፋል።»

«ካለፈስ?»

«አይለፍ።»

ጉሙ ከእንሰቱ ላይ ገና አልተነሳም ነበር። እናቴ ቆጮ በጎመን በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ኪሴ ውስጥ ከተተችልኝ፤ ወናጎ ስደርስ ቆም ብዬ በላሁት። ከይርጋጨፌ ወደ ዲላ መንገዱ ይወርዳል፤ እኔም እንደዚያ ዘመን ሞተረኛ ሁሉ ቁልቁለት ባየሁ ቁጥር ቁልፉን አጥፍቼ እንዲሁ እንሸራተት ነበር። ቤንዚን መቆጠብ መሆኑ ነው። ነፋሱ ጆሮህ ላይ ያፏጫል፣ የሙዙና የእንሰቱ ቅጠል በሁለቱም በኩል ያልፍሃል፣ ከየማጠቢያው የሚወጣው የቡና ገለፈት ሽታ ደግሞ ጉሮሮህን ይይዝሃል። ሌላ ጊዜ ቢሆን ደስ የሚል ጉዞ ነበር። ከወናጎ ትንሽ እንዳለፍኩ ሞተሩ አሳለ። ቧንቧዋን ወደ ሪዘርቭ አዞርኳት።

ዲላ ማደያው ሁለት ሰልፍ ነበረው፤ አንዱ የናፍታ፣ አንዱ የቤንዚን። የናፍታውን ከጭነት መኪኖች ጋር ተጋፍቼ ከሹፌሮች ጋር ተሰዳድቤ አራት ሰዓት ላይ ቀዳሁ። የቤንዚኑ ሰልፍ ግን አይንቀሳቀስም። ቆሜ አሰላሁት። ጠዋት ስመጣ ቁልቁለቱን አጥፍቼ ነው የወረድኩት፣ ስመለስም ቁልቁለቱን አጥፍቼ እሄዳለሁ፣ ሪዘርቩ ይበቃኛል አልኩ። ጉድ በሉ! ስወርድ ያገኘሁት ቁልቁለት ሁሉ ስመለስ ዳገት መሆኑ ትዝ አላለኝም። ይህን ለልጆቼ ስነግራቸው ይስቃሉ፤ እኔም እስቃለሁ፣ ግን ከዚህ በላይ ነግሬያቸው አላውቅም።

ይርጋጨፌ ስደርስ ገበያ ነበር። ከዚያ ሁሉ ሰው መሀል በጠርሙስ የሚሸጥ አይጠፋም፣ ብጠይቅ አገኝ ነበር። ግን ስድስት ሰዓት ሊሆን ነው፣ ቆመህ ስትጠያይቅ ደግሞ ዘመድ ያገኝሃል፣ ሰላምታው አያልቅም። ዝም ብዬ አለፍኩ። ኮንጋ ለመግባት ትንሽ ሲቀረኝ፣ ዳገቱ መሀል ላይ፣ ሞተሩ ሁለት ጊዜ አሳለና ጸጥ አለ።

ቀና ስል የቆምኩት የወራሶ ጣቢያ በር ላይ ነው።

ሞተሩን በጎኑ አጋደልኩት። አንዳንዴ በታንከሩ ጥግ የቀረች ጠብታ እንዲህ ስታጋድለው ትወርዳለች። አልወረደችም። እንደገና አጋደልኩት። ጀርባዬን የሚያዩኝ ብዙ ዓይኖች እንዳሉ አውቃለሁ። በግቢው ውስጥ ቡና በሚሰጣባቸው የእንጨት አልጋዎች ላይ የሚለቅሙ ሴቶች ሥራቸውን አቁመዋል። ወራሶ የሻይ ብርጭቆውን እንደያዘ ወደ በሩ መጣና ከውስጥ በኩል ቆመ።

«ታሪኩ፣ ምን ሆነህ ነው?»

«ምንም።»

«ቤንዚን ነው? እኔ ጋ አለ፣ ለውሃ መሳቢያው ያስቀመጥኩት። ግባና ቅዳ።»

«አልገባም።»

«የወንድሜ ልጅ በር ላይ ቆሞ አይለምንም። ግባ።»

እንድገባ የፈለገው ቃሉን ሊያስፈርሰኝ ነው ብዬ ነበር ያሰብኩት። እውነቴን ይሆናል። ወይም ደግሞ የወንድሙን ልጅ በር ላይ ማቆም ነውር ሆኖበት ይሆናል። እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ያኔ ደግሞ ማወቅም አልፈለግሁም።

«ማን ለመነህ?» አልኩት።

በአባቴ ወንድም ፊት ቆሜ አንተ አልኩት። ከሴቶቹ አንዷ «ውይ» ስትል ሰማኋት። ወራሶ ብርጭቆውን አጥሩ ላይ አስቀመጠ።

«አባትህ እንኳ እንዲህ አይናገረኝም።»

«አባቴማ ምን ያናግርሃል?»

ጄሪካኑን አየ፤ ከዚያ ፀሐይዋን። የቡና ሰው ነው፣ አልጠፋውም። «ናፍታ ነው የያዝከው። ቡናችሁ አድሯል ማለት ነው» አለ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ በጌዴኦኛ «ቡናው ምን አደረገህ?» አለኝ።

ሞተሩን መግፋት ጀመርኩ። እዚህ ላይ አንባቢ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ ለምን ሞተሩን እዚያው ጥለህ ጄሪካኑን ተሸክመህ አልሮጥክም? ሃያ ሁለት ዓመት ለሞላው ጎረምሳ አንድ ጄሪካን ምን አላት? በግማሽ ሰዓት እደርስ ነበር። ግን ሞተራችንን በወራሶ በር ላይ አጋድሜ መሄድ? ሠራተኞቹ እየዞሩ ሊስቁበት? ሞት አይሻለኝም ወይ አልኩ። ጥርሴን ነክሼ ገፋሁት።

አንድ መቶ እርምጃ እንደሄድኩ ከኋላዬ የሩጫ ኮቴ ሰማሁ። አስቴር ነች። ከወራሶ ለቃሚዎች አንዷ፣ ከእናቴ ጋር በአንድ እድር ያለች፣ እኔንም ከልጅነቴ የምታውቀኝ ሴት። በአንድ እጇ ቀሚሷን ሰብስባ በሌላው በፕላስቲክ ጠርሙስ ቤንዚን ይዛለች።

«እሳቸው ናቸው የላኩኝ» አለች እያለከለከች። «ይኸው ከበር ውጭ ነው፣ ቃልህም አይፈርስ። ተቀበለኝ፣ ልጄ።»

ጠርሙሱን ተቀበልኳት። ዞር ብዬ ሳይ ወራሶ በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል። ክዳኑን ከፍቼ፣ ዓይን ዓይኑን እያየሁ፣ ጠርሙሱን ዘቅዝቄ ቤንዚኑን መንገዱ ላይ አፈሰስኩት። ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ድረስ ጠበቅሁ። ከዚያ ባዶውን ጠርሙስ ለአስቴር መለስኩላት። ያቺ ሴት አልተቆጣችኝም። ጠርሙሱን ይዛ እጄን ስታየው ቆየችና ተመለሰች።

ቀሪውን መንገድ እንዴት እንደገፋሁት አላውቅም። ከበስተኋላ ጄሪካኑ ይጎትታል፣ ጭቃው ያንሸራትታል፣ ላቡ ዓይኔን ያቃጥለኛል። አንድ ጊዜ አንድ የጭነት መኪና አለፈኝ፤ የወራሶ ነበር፣ እጄን አላነሳሁም። ስድስት ሰዓት አለፈ፣ ሰባት አለፈ። እውነቱን ልናገር፣ በዚያ ሁሉ ድካም ውስጥ ደስ ይለኝ ነበር። ያሳየሁት መስሎኝ ነበር። ክምሩ በየደቂቃው እየፈላ መሆኑን እያወቅሁ ደስ ይለኝ ነበር።

ወደ ማኅበሩ ጣቢያ ስቃረብ የማሽን ድምፅ ሰማሁ። መጀመሪያ ጆሮዬን አላመንኩትም። ማሽኑ እየሠራ ነው፣ ውሃው ይወርዳል፣ ሰዎቹ አካፋ ይዘው ይሯሯጣሉ። አባቴ እጁን እስከ ክንዱ ክምሩ ውስጥ ከቶ የሞቀውን ካልሞቀው እየለየ ነው። ከአጠገቡ አንድ ሰማያዊ ጄሪካን ተቀምጧል። የእኛ አይደለም። ሰማያዊ ጄሪካን ያለው ማን እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል።

ስድስት ሰዓት ሲሆን እኔ አልመጣሁም፤ አባቴም ለማንም ሳይናገር በአቋራጩ በእንሰቱ መሀል ወርዶ ወንድሙ ግቢ ገብቷል። ናፍታውን በትከሻው ተሸክሞ ተመልሷል። እኔ በዋናው መንገድ እየገፋሁ ስለነበር አልተገናኘንም። ከክምሩ የላይኛው ግማሽ ተረፈ። የታችኛው ኮምጥጦ ነበር፤ እሱን ለጀንፈል አውጥተን ስናሰጣው ማንም ቀና ብሎ አባቴን አያየውም። እኔን ግን ያዩኝ ነበር። ጉልበቴ ድረስ ጭቃ፣ መዳፌ የተላጠ፣ የመጣሁበትን መንገድ ሁሉም አውቆታል። «በወራሶ በር አልፎ ሳይገባ ገፍቶ መጣ» እያሉ ሲንሾካሾኩ ሰማሁ። አባቴ የተላጠውን እጄን ያዘና ገልብጦ አየው። ከዚያ ወደ ክምሩ ተመለሰ።

በሳምንቱ ሶንጎ ተጠራ። ሊቀመንበሩ ራሱ ቃሉን አፍርሷል፣ ይህ ዝም ቢባል ነገ ማን ይጠብቃል ተባለ። ቡናው ግማሹ የተረፈው በእሱ ነው ብሎ የሚናገር ሰው ጠፋ። ይህን የሚያህል ነገር ሁሉም ያውቃል፣ ማንም አይለውም። ሰብሳቢው ሽማግሌ አባቴን ጠየቁት።

«ጅግሶ፣ ገብተሃል?»

«ገብቻለሁ።»

«ተቀመጥክ?»

«ተቀመጥ አለኝ፣ ተቀመጥኩ። ውሃ ጠጣ አለኝ፣ ጠጣሁ። ከዚያ ናፍታውን ሰጠኝ።»

«ቀድሞ ቃል የገባኸው አንተ ነህ።»

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ከዚያ እኔን አስነሱኝ። ቀዝቃዛ ጠዋት ነበር፣ ዛፉ ከላያችን ያንጠባጥባል።

«ታሪኩ፣ አጎትህ በሩ ላይ ጠርቶህ ነበር?»

«ጠርቶኛል።»

«ገባህ?»

«አልገባሁም።»

«ቤንዚን አልቆብህ እያለ?»

«አልቆብኝ እያለ።»

ሌላ አልጠየቁኝም። አስቴር እዚያ አልነበረችም፤ ወራሶም አባል ስላልሆነ አልተጠራም። ከበር ውጭ ቤንዚን ተላከልህ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከየት ይመጣል? ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ቃል አክባሪ ሁን፣ ዘርህ ይብዛ፣ ከወንድሞችህ በላይ ተደመጥ አሉ፣ ሰዉም ተቀበለላቸው። አባቴንም ከሊቀመንበርነት አወረዱት፤ ለሶንጎው በግ ያምጣ ተባለ። ምርቃቱና ፍርዱ በአንድ ቁጭታ ነው የተሰጠው። እኔ በምርቃቱ በኩል ቆሜ ነበር። አንዲት ቃል ብናገር አባቴ ይተርፍ ነበር። ልጁ በጥላቻ የደፋውን ነው አባት ሊያነሳ የሄደው ይባል ነበር። እኔ ግን ምርቃቴን ተቀብዬ ተቀመጥኩ። የሰው ዓይን ሁሉ በእኔ ላይ ነበርና ደስ ብሎኝም ነበር፤ ይህን ካልጨመርኩ ግማሹን ነው የተናገርኩት።

ወደ ቤት ስንመለስ አባቴ ከፊት ከፊቴ ይሄድ ነበር። ዳገቱ አጋማሽ ላይ ቆመና ጠበቀኝ።

«ወራሶ ነግሮኛል» አለኝ።

«ምኑን?»

«አስቴር ይዛልህ የመጣችውን።»

መሬቱ ተከፍቶ ቢውጠኝ ደስ ባለኝ። ያን ሁሉ ጊዜ፣ እጄን ገልብጦ ሲያየው፣ ሶንጎው ላይ አቀርቅሮ ሲቀመጥ፣ ሲመርቁኝ ሲሰማ፣ ያውቅ ነበር። አፍሬ በመለሳለስ ፈንታ ቁጣ መጣብኝ።

«ታዲያ ለምን አልተናገርክም?» አልኩት ጮክ ብዬ።

«አንተ ለምን አልተናገርክም?»

እንድመልስለት ቆሞ ጠበቀ። ዝናብ ጀመረ። ሳልመልስለት ሲቀር ዞሮ መንገዱን ቀጠለ፤ ከዚያ በኋላ ስለዚህ ነገር አንስቶብኝ አያውቅም። በጉን ከቤታችን በረት አውጥቶ ራሱ ጎትቶ ወሰደ። ከወንድሙ ጋር ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰላም ነበሩ፤ በበዓልም በለቅሶም ይጠያየቁ ነበር። እኔ ግን አብሬው አልሄድም ነበር።

አሁን ሁለቱም አፈር ሆነዋል። ወራሶ ሲቀበር መቃብሩ ዳር ቆሜ ነበር፤ ሰው ሲያለቅስ እኔ ያ ብርጭቆ አጥሩ ላይ ሲቀመጥ ነበር የማየው። አልራራሁለትም። ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ነው፤ የምጠላው እሱ ስላደረገኝ ነገር ሳይሆን እኔ ያደረግሁትን የሚያውቅ ሰው ስለነበር ይመስለኛል። አባቴ ሲታመም አጠገቡ ተቀምጬ ልነግረው ስል «እሺ፣ እሺ» ብሎ እጄን መታ መታ አደረገኝና ውሃ አምጣልኝ አለኝ። ምን ልለው እንደነበር አውቆ ይሁን ጠምቶት አላውቅም።

ዛሬ ሶንጎ ላይ የምቀመጠው እኔ ነኝ። ሁለት ሰዎች ድንበር ሲጣሉ፣ ወንድማማቾች መሬት ሲካፈሉ፣ ታሪኩ ይምጣ ይባላል። አዲስ አባል ቃል ሲገባ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ወደ እኔ ይጠቁምና፣ ይሄ ሰውዬ ጎረምሳ ሳለ ቤንዚን አልቆበት እንኳ ቃሉን አላፈረሰም እያለ ያወራል። ልጆቹ በአክብሮት ያዩኛል። እኔም አንገቴን እነቀንቃለሁ። ባለፈው ወር አንድ አባት ቃል አፍርሷል ተብሎ ከፊታችን ቆሞ ነበር፤ ለምን እንዳፈረሰ ሳልጠይቀው ፈረድኩበት። እሱም ዝም ብሎ ተቀበለ። ከዚያ ቀን ወዲህ እንቅልፍ አልወስድህ ብሎኛል።

ያን ቀን እግሬን የያዘው ቃሉ አልነበረም። ቃል ባልገባ ኖሮም የወራሶን ግቢ አልገባም ነበር። አባቴ ደፍሮ ወንድሙ ግቢ የገባው ለሰፈሩ ቡና ነው፤ እኔ ደጅ የቀረሁት ለራሴ ነው፤ እሱ ተዋረደ፣ እኔ ተመረቅሁ። ይህን የሚያነቡ የኮንጋ ሰዎች አሉ። ያንብቡት።